ሀብት ማሰባሰብ ከስትራቴጂክ ዕቅድ ይጀምራል

የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገቢ በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ ሲመሠረት፣ ውሉ ባበቃ ቀን የተረጂዎች ምግብና መድኃኒትም አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ ሀብት ማሰባሰብ ከስትራቴጂክ ዕቅድ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት በመብት ሥራ የሚሰማሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ከገቢያቸው 10 በመቶ መብለጥ አይችልም ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አንሥቷል፤ ድርጅቶች በገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሰማሩም ፈቅዷል። ትርፉ ግን ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ እንጂ ለአባላት መከፋፈያ አይውልም። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ ሊበልጥ አይችልም።

የሀገር ውስጥ ድጋፍ ምን ያህል አቅም እንዳለው በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሳያል። በቤተሰብ መኖሪያ ቤት የተጀመረው ማዕከል በ8161 የጽሑፍ መልእክት ጭምር ከብዙኃኑ ጥቂት ጥቂት ብር ያሰባስባል።

ዕቅድ የሚያዘጋጅ ድርጅት ማንን፣ እስከ መቼ፣ በምን ያህል ወጪና ከየት በሚገኝ ገቢ እንደሚረዳ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። የዕለት ቀለብ ቋሚ ወርኃዊ መዋጮ ይፈልጋል፤ የሕንፃ ግንባታ ግን በጊዜ በተወሰነ ዘመቻ ሊሸፈን ይችላል። ሁለቱ በአንድ በጀት ከተደባለቁ ግንባታው የተረጂዎችን ቀለብ ሊሻማ ይችላል።

በመጨረሻም ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማቅረብ የሕግ ግዴታ ብቻ ሳይሆን የሀብት ማሰባሰቡም አካል ነው። ለጋሽ ደግሞ የሚሰጠው፣ ቀድሞ የሰጠው የት እንደ ዋለ ሲያውቅ ነው።