ባለ ነጠብጣቧን ጥንዚዛ እንወቃት

በምሥራቅ ጎጃም ቁይ ዙሪያ ወዳለ የጤፍ ወይም የስንዴ ማሳ ብንወርድ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ቅጠል ላይ እናገኝ ይሆናል። ልጆች በመዳፋቸው ያስሄዷታል። አባወራው ግን ሰብሉን ትብላለት ወይስ ትጠብቅለት ማወቅ ይሻል።

ነገሩ ጥንዚዛዋ አንድ ዓይነት አለመሆኗ ነው። በዓለም ላይ 6,000 ያህል ዝርያዎች አሏት። ብዙዎቹ የሰብል ጭማቂ የሚመጠውን ክሽክሽ ይበላሉ፤ በአገራችን የምትገኘው ሂፖዳሚያ ቫሪዬጋታ ከነዚህ አንዷ ናት። ክኖትሪባ ሲሚሊስ የምትባለዋ ግን የጤፍ፣ የገብስና የስንዴ ቅጠል ትግጣለች። ስዊድናዊው የሊኔየስ ተማሪ ቱንበርግ በ1781 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣላት ከክሽክሽ በሊታዎቹ ጋር በአንድ ወገን መድቧት ነበር፤ የተለየችው በኋላ ነው። «ሲሚሊስ» በላቲን «ተመሳሳይ» ማለት ነውና ስሟም ያስጠነቅቃል።

ነጠብጣብ መቁጠር ያሳስታል። የቫሪዬጋታ ነጠብጣብ ብዛት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያል። ይልቅ ጀርባዋን ፀሐይ ላይ እንየው። ክሽክሽ በሊታዋ እንደተወለወለ ጫማ ታብረቀርቃለች፤ ቅጠል በሊታዋ በደቃቅ ፀጉር ስለተሸፈነች ደብዛዛ ናት። ቅጠሉም ይመሰክርባታል፤ አረንጓዴውን ፍቃ ስስ ሽፋኑን ስለምትተው ነጫጭ መስመር ይወጣበታል።

የሚያሳዝነው የእጯ ነገር ነው። የወዳጃችን እጭ ጠቆር፣ ረዘም ብሎ ትንሽ አዞ ይመስላል። ክሽክሽ የሚያጸዳልን ሆኖ ሳለ «ትል ነው» ተብሎ ይጨፈለቃል። የቅጠል በሊታዋ እጭ ግን ቢጫማ ሲሆን ጀርባው ቅርንጫፍ ባላቸው እሾሆች የተሞላ ነው።

ሳይለዩ መርዝ መርጨት ሁለቱንም ይፈጃል። ክሽክሽ ደግሞ ፈጥኖ ይራባልና ጠባቂው ያለቀበት ማሳ ብዙ ሳይቆይ ዳግም ይወረራል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ አንድ ነቢይ ነግረውናል፦ አንዲት ጉንዳን ብትነክሳቸው የጉንዳኖቹን መንደር አስቃጠሉ፤ አላህም (ሱ.ወ.) ስለ አንዲቷ ሲሉ እርሱን የሚያወድሱ ፍጡራንን በማጥፋታቸው ወቀሳቸው።

ስለዚህ ከርጭቱ በፊት ልጆችን ይዘን ማሳው ውስጥ እንዘዋወር። የልጅ ዓይን ከእኛ ይልቅ ደቃቁን ፀጉር ያያል። ካጠራጠረን ጥንዚዛዋን ከበላችው ቅጠል ጋር በብልቃጥ ይዘን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ እናሳይ።