እያጓራ የማይነሳ ኮምፕሬሰር

ጤነኛ ኮምፕሬሰር ታንኩን ሞልቶ ሞተሩ ሲቆም «ፍስስ» ይልና ወዲያው ዝም ይላል። ጎሚስታ ቤት ቆሞ ጎማ ያስነፋ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ሰምቶታል፤ ልብ ብሎ ያዳመጠው ግን ጥቂት ነው። ድምፁ ከቀረ፣ ወይም ጀምሮ አላቆም ካለ፣ ካቻቢቴ ሳይነሳና ብሎን ሳይፈታ የብልሽቱ ግማሽ ታወቀ ማለት ነው።

በቤት ውስጥ ወርክሾፕና በትንንሽ ጋራዦች የምናየው ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ ባለ ፒስተን ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል፣ ሲወጣ ይጨምቃል። የተጨመቀው አየር በቱቦ አልፎ ወደ ታንኩ የሚገባው በቼክ ቫልቭ በኩል ነው፤ ይህ ቫልቭ አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ግፊቱ ለምሳሌ 8 ባር ሲደርስ ፕሬዠር ስዊቹ ሞተሩን ያጠፋዋል። ችግሩ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ነው፤ እሱም 8 ባር ታምቆ ተቀምጧል። ሞተሩ በኋላ ልነሳ ሲል ፒስተኑ ገና ከመጀመሪያው ምት ከዚህ ግፊት ጋር ሊታገል ነው። ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ደግሞ ሲነሳ አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በጠፋ ቅጽበት ስዊቹ ሥር ያለች ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ የቱቦውን አየር ታስተነፍሳለች። «ፍስስ» የሚለው እሱ ነው።

ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ትንሿ ቫልቭ ወይም ወደ እሷ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተደፍናለች። እንዲህ ያለ ኮምፕሬሰር ታንኩ ባዶ ሲሆን ያለ ችግር ይነሳል፤ ታንኩ ውስጥ ግፊት ሲኖር ግን «እምምም» እያለ ያጓራል እንጂ አይዞርም። ቶሎ ካልተነቀለ ወይ ብሬከሩ ይወድቃል ወይ ሞተሩ ይቃጠላል።

ድምፁ አላቆም ሲል ደግሞ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። አየሩ ከስዊቹ ሥር ስለሚሰማ ሰው ስዊች ይገዛል፤ አዲሱም እንደተገጠመ እንደ አሮጌው ያፏጫል። ነገሩን ትንሽ እናስበው። ሞተሩ ቆሟል፣ የቱቦው አየር በሁለት ሰከንድ አልቋል። ታዲያ ደቂቃ ሙሉ የሚወጣው አየር ከየት ይመጣል? ያለው ታንኩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከታንኩ ወደዚያች ቫልቭ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ቼክ ቫልቩ ነው። ጥፋቱ የእሱ ነው፦ ውስጡ ያለው መድፈኛ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ወይም ከሲሊንደሩ የመጣ የካርቦን ቅንጣት ገብቶበት መግጠም አቅቶታል። ታንኩን ፈጽሞ ባዶ አድርጎ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ፈቶ ማጽዳት ወይም መቀየር ይበቃል። ፉጨቱ ሞተሩ እየሠራ ሳለም የሚሰማ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ያልዘጋችው የስዊቹ ቫልቭ ራሷ ናትና ስዊቹ ቢቀየር አያስቆጭም።

ባዶ ታንክ ላይም እያጓራ የማይነሳ ሞተር ችግሩ ወደ ኤሌክትሪኩ ያደላል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው፤ ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ከሆነ በዓይን ይታያል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም። ቀጥሎ ያለው ቮልቴጅ ነው። የእንዲህ ዓይነት ሞተር የማስነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በቮልቴጁ ካሬ ይወርዳል። 220 ቮልት የሚፈልግ ሞተር 180 ሲደርሰው ያጣው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ወደ 67 በመቶ ወርዷል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ የማይነሳ፣ ጠዋት ግን ምንም ያልነካው ኮምፕሬሰር ሚስጥሩ ይኸው ነው። ረጅምና ቀጭን የዲቫይደር ገመድም ያንኑ ጥፋት ያደርሳል። ሥራው ከሶኬቱ ከራቀ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከማርዘም የአየሩን ጎማ ማርዘም ይሻላል፤ ይህን ምክር ብዙ ወርክሾፕ ውስጥ ተገልብጦ አያለሁ።

ሞተሩ እየዞረ ግፊቱ 4 ባር ላይ ተገትሮ አልወጣ ሲልስ? አየሩ የሚያመልጥበትን መንገድ መከተል ነው። እጅን አየር መሳቢያው ፊልትሮ ላይ ቢያደርጉ መሳብ ብቻ እንጂ መትፋት ሊሰማዎት አይገባም። የሚተፋ ከሆነ መሳቢያዋ ስስ የብረት ምላስ ተሰብራለች ወይም ቆሻሻ ይዟታል። ከዘይት መሙያው መተንፈሻ አየር እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ሦስተኛው ድብቅ ነው፤ በውጭ ምንም አይሰማም፣ ቴስታታው ግን ከልክ በላይ ይግላል። ምክንያቱ የመሳቢያውንና የማስወጫውን ክፍል የሚለየው ጓርኒሲዮን መበሳቱ ነው። ተጨምቆ የጋለው አየር ተመልሶ ይገባና እንደገና ይጨመቃል፤ ሞተሩ ያንኑ አየር እያመላለሰ ያሞቀዋል እንጂ ታንኩን አይሞላም። የላላ ቺንጊያም ግፊት ያሳንሳል፤ እሱን ግን ማንም ያየዋል።

ወደ ሲሊንደሩ ከመሄድ በፊት ግን ቀላሉን ነገር ማስቀደም ነው። ታንኩን ሞልቶ፣ አጥፍቶ፣ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ መቀባት፤ አረፋ የነፋ ቦታ ያፈስሳል፣ በቴፍሎን ይታሰራል። ታንኩ እንደሞላ ወዲያው ጌጁ ትንሽ ቢወርድ ማስደንገጥ የለበትም። የጋለ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላም መውረዱን ከቀጠለ ነው ፍሳሽ የሚባለው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ሊያውቀው የሚገባ፣ ከማሽኑ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ እምብዛም የማይገኝ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ያህል ብቻ ነው። ባለ 50 ሊትር ታንክ 8 ባር እስኪሞላ ጅቡቲ ላይ 395 ሊትር ያህል አየር መሳብ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 520 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ያው ማሽን፣ ያለ አንዳች ብልሽት፣ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅበታል ማለት ነው። ማሽኑ ላይ የሚጻፈው የደቂቃ ሊትር ብዙውን ጊዜ የባሕር ጠረፍን አየር ታሳቢ ያደረገ ነው። ስለዚህ «ቀስ ብሎ ይሞላል» ተብሎ ፋሻው ሊቀየር የተፈታ ኮምፕሬሰር ሁሉ የታመመ አይደለም። በአዲስነቱ ታንኩን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለክቶ ታንኩ ላይ መጻፍ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል።

የሳሳው አየር ሙቀትም ይጨምራል። እንደ ጅቡቲ ባለ ጠረፍ አየሩ ወደ 9 እጥፍ ይጨመቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ 8 ባር ለማግኘት ከ11 እጥፍ በላይ መጨመቅ አለበት። 20 ዲግሪ የነበረ አየር ሙቀቱ ሳይወጣለት ቢጨመቅ በስሌት በመጀመሪያው 275፣ በሁለተኛው 315 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በተግባር የቴስታታው ክንፎች ስለሚያቀዘቅዙት ይህን ያህል አይግልም፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ዘይቱን አቃጥሎ ቫልቮቹ ላይ ካርቦን የሚጋግረው ይህ ሙቀት ነው፤ ቼክ ቫልቩን የሚይዘው ቅንጣትም ምንጩ ይኸው ነው። ሥራው በ6 ባር የሚሠራ ከሆነ 8 ላይ ማቆየት ማሽኑን በከንቱ ማድከም ነው።

አየሩ ይዞት የሚገባው እርጥበትም አለ። በ20 ዲግሪና በ60 በመቶ እርጥበት ያ 520 ሊትር አየር 5 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ በተን ሆኖ መቆየት የሚችለው ከአንድ ግራም ያነሰ ነው፤ ቀሪው፣ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ገደማ፣ ከታች ይጠራቀማል። በቀን አሥር ጊዜ የሚሞላ ታንክ በክረምት ምን ያህል ውሃ እንደሚያቁር ቀለም ረጪዎች ያውቁታል፤ የረጩት ቀለም እየተበሳሳ ያስቸግራቸዋልና። የባሰው ግን የማይታየው ነው፦ ታንኩ ከውስጥ በኩል፣ ከሥር ይዝጋል። የታችኛውን መፍሰሻ ሥራ ባለቀ ቁጥር መክፈት የዚህ ማሽን ዋና ጥገና ነው፤ ወጪውም ዜሮ ነው።

ከሥር በዝገት የተበሳ ታንክ አይበየድም። ቀዳዳዋ የታየችው ብረቱ እዚያ አልቆ ነው፤ ዙሪያዋም ሳስቷል፣ ብየዳው ደግሞ ያንኑ ስስ ብረት ያግለዋል። 8 ባር የያዘ ባለ 50 ሊትር ታንክ በአንዴ ቢፈነዳ የሚለቀው ኃይል አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ከ3 ሜትር በላይ ለማንሳት ይበቃል። የሚያጠራጥር ታንክ የሚፈተሸው በአየር ሳይሆን ጢም ተደርጎ በውሃ ተሞልቶ ነው። ውሃ አይጨመቅም ለማለት ይቻላልና የሚያጠራቅመው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ ብረቱ ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ወርዶ ወለሉ ይረጥባል እንጂ ሰው አይጎዳም። ፈታሹ «አየር ልሙላበትና እንየው» ካለ ታንኩን ይዞ ሌላ ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።