መንግሥት የከሰሰውን መንግሥት ሲሟገትለት፦ የቤርሼቫው ሳኔጎሪያ ጽቡሪት

ቤርሼቫ የኔጌቭ የፍርድ ከተማ ናት። የሰላም ፍርድ ቤቱም የአውራጃው ፍርድ ቤትም እዚሁ ናቸው፤ ኤሼልና ኦሃሌይ ቄዳር የሚባሉት እስር ቤቶችም ከከተማዋ አይርቁም። በዲሞና ወይም በኦፋቂም በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል። ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው ደመወዛቸውን ከመንግሥት እንደሚያገኙ ሁሉም ያውቃል። ከመንግሥት ካዝና እየተከፈለው የመንግሥትን ክስ ለማፍረስ የሚሟገት አራተኛ ሰው መኖሩን ግን ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ወገኖቻችን አያውቁም፤ ቢያውቁም አያምኑም። ይህ ሰው የሳኔጎሪያ ጽቡሪት፣ ማለትም የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት፣ ጠበቃ ነው።

መሥሪያ ቤቱን ያቋቋመው በ1995 የወጣው ሕግ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በቀጣዩ ዓመት በቴልአቪቭ ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ኃላፊ የሕግ ፕሮፌሰሩ ኬኔት ማን ነበሩ። ቀጥሎ ወደየአውራጃው ሰፋ፤ የደቡቡ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ቤርሼቫ ሆነ። ጠበቆቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ሠራተኞች አሉ፤ የራሳቸው ቢሮ ያላቸው፣ በየጉዳዩ እየተመደቡ ክፍያቸውን ከመሥሪያ ቤቱ የሚቀበሉ የግል ጠበቆችም አሉ። ሕጉ ባስቀመጣቸው ሁኔታዎች ለታሰረ ሰው፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ፣ ከባድ ክስ ለቀረበበት፣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው፣ ዐቃቤ ሕግ እስራት ይፈረድበት ብሎ ለጠየቀበት ሰው ይቆማሉ።

ትልቁ እንቅፋት ጥርጣሬ ነው። «መንግሥት የላከው ጠበቃ ለማን ሊሠራ ነው?» የሚል ጥያቄ በማኅበረሰባችን ውስጥ በየቤቱ ይነሳል። ጥያቄው ከመሬት የበቀለ አይደለም፤ ከፖሊስ ጋር ያለን ታሪክ የወለደው ነው። መልሱ ግን ግልጽ ነው። መሥሪያ ቤቱ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ቢተዳደርም ጠበቃው የሚታመነው ለተከሳሹ ብቻ ነው። የነገራችሁትን ለፖሊስም ለዐቃቤ ሕግም እንዳያስተላልፍ ሕግ ያስረዋል። ሚስጥሩን እንዲያወጣ ልትፈቅዱለት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የዚህ ጠበቃ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው በፍርድ ቤቱ አዳራሽ አይደለም። የብዙ ሰው ዕጣ የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ በመጀመሪያው ምርመራ ላይ ነው። መርማሪው ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገሮችን ማሳወቅ አለበት፦ የተጠረጠርክበት ይህ ነው፣ ዝም ማለት ትችላለህ፣ ጠበቃ ማማከር ትችላለህ። ዝምታው ማስረጃውን በተጠርጣሪው ላይ ሊያጠናክርበት እንደሚችልም መናገር አለበት። አዎ፣ በእስራኤል ሕግ ዝምታ ያለ ዋጋ አይገኝም። መናገር ይሻላል ወይስ ዝምታ የሚለው ጥያቄ ፈርቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ብቻውን የሚፈታው አይደለም፤ ጠበቃን ከምርመራው በፊት ማነጋገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ለእኛ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የራሳችን የዳኝነት ባህል ነው። በጎንደር መንደሮች ሰው ሲያጠፋ ሽማግሌ ይላካል። ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ይላል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ነገሩ በዕርቅ ያልቃል። እዚያ የካደ ይናቃል፣ ያመነ ይከበራል። ብዙ ደም ያደረቀ፣ ብዙ ቤት ያተረፈ ባህል ነው። የፖሊስ መርማሪ ግን ሽማግሌ አይደለም፤ ሥራው ማስረጃ መሰብሰብ ነው። አባት ልጁን «እውነቱን ንገራቸውና ይለቁሃል» ብሎ ሲመክረው በሽማግሌ ፊት የሚያውቀውን መምከሩ ነው። ልጁ የሚፈርምበት ወረቀት ግን ከወራት በኋላ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ያኔ «ተደናግጬ ነው» ማለት ብዙም አያድንም።

ያልሠራውን አደረግሁ የሚል ሰው ይኖራል ወይ ለሚል፣ የሮማን ዛዶሮቭ ነገር በቂ መልስ ነው። ይህ ከዩክሬን የመጣ ሠራተኛ በ2006 ካትስሪን ውስጥ በተገደለች ተማሪ ምክንያት ታስሮ በምርመራ ላይ አመነ፤ ቃሉን መልሶ ቢክድም በ2010 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ከብዙ ዓመታት እስር በኋላ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተወሰነ፤ በመጋቢት 2023 የናዝሬት አውራጃ ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተው።

ፖሊስ መብቱን ሳይነግር ቢመረምርስ? በ2006 የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሳኻሮቭ በሚባል ወታደር ጉዳይ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። መርማሪው ጠበቃ የማማከር መብት እንዳለው ሳይነግረው ቃሉን ተቀብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ የእምነት ቃሉን ከማስረጃነት አወጣው። ከዚያ በኋላ ዳኛ በሕገወጥ መንገድ የተገኘን ማስረጃ፣ የፍርዱን ርትዓዊነት የሚያጎድል ሆኖ ካገኘው፣ ሊጥለው ይችላል። መጣሉ ግን በራሱ የሚመጣ አይደለም። ጠበቃ አንስቶ መሟገት አለበት፤ ጠበቃው እንዲያነሳው ደግሞ ተጠርጣሪው በዚያች ክፍል ውስጥ ምን እንደተባለና ምን እንዳልተባለ አስታውሶ መንገር አለበት።

ከዚህ ጋር የቋንቋ ነገር ይመጣል። በ2002 የወጣው የተጠርጣሪዎች ምርመራ ሕግ ምርመራው ተጠርጣሪው በሚረዳውና በሚናገረው ቋንቋ እንዲካሄድ ያዛል። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን በምስልና በድምፅ መቀዳት አለበት። ፍርድ ቤትም ተከሳሹ ዕብራይስጥ እንደማያውቅ ሲረዳ አስተርጓሚ ይሾማል። ወላጆቻችን ግን በገበያና በሥራ ቦታ የሚያግባባቸው ዕብራይስጥ ስላላቸው «ዕብራይስጥ ታውቃለህ?» ሲባሉ «አዎ» ይላሉ። በነገሩ ውስጥ ሐፍረትም አለ። በገበያ ዕብራይስጥ ግን የወንጀል ክስ አይመለስም፤ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መሐይምነት አይደለም፤ ሕግ የሰጠው መብት ነው። ይህ ጥያቄያችሁ በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

የታሰረ ሰው እንደ ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ጊዜው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ ከሚወስደው ሌላ 48 ሰዓት ነው፤ አንቀጽ 20 ደግሞ አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ያዛል፤ ስለዚህ ሐሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በእስራኤል የሰላም ፍርድ ቤት ዳኛ ለምርመራ እስከ 15 ቀን ሊጨምር ይችላል፤ በጠቅላላው ከ30 ቀን ለማሳለፍ የመንግሥት የሕግ አማካሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ክስ ከቀረበ በኋላ ታስሮ የሚጠብቅ ተከሳሽ በዘጠኝ ወር ውስጥ ፍርድ ካላገኘ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ካላራዘመ በስተቀር ይለቀቃል። የጸጥታ ወንጀሎች ሌላ ሥርዓት አላቸው።

ዳኛው ከእስር ይልቅ የቤት እስርን ሲመርጥ «መፋቄያሕ» ይጠይቃል፤ ተከሳሹን ቀን ከሌት የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምትቆመው እናት ናት። ልጇ ከቤት ቢወጣ ለፖሊስ ልታሳውቅ፣ ካላሳወቀች የዋስትናውን ገንዘብ ልታጣ ቃል ትገባለች። ከመፈረሟ በፊት የምትገባበትን ግዴታ በአማርኛ የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋታል፤ ጠበቃው ይህን እንዲያደርግ ጠይቁት።

የንጹሕነት ግምት ምን ማለት እንደሆነ ቤርሼቫ በሚያሳምም መንገድ አይታለች። ጥቅምት 18 ቀን 2015 በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ጥቃት ተፈጸመ። በዚያ የነበረው የኤርትራ ስደተኛ ሃብቶም ዘርሆም አጥቂ መስሎት የጥበቃ ሠራተኛ ተኮሰበት፤ ወድቆ ሳለ ሌሎች ረገጡት፣ ደበደቡት፤ ሞተ። ምንም አላጠፋም ነበር። በድብደባው አራት ሰዎች በከተማዋ የአውራጃ ፍርድ ቤት ተከሰሱ። ሁለቱ ከዐቃቤ ሕግ ጋር በስምምነት ጥፋታቸውን አምነው ቀላል ቅጣት ተቀበሉ፤ ሁለቱን ፍርድ ቤቱ በ2020 በነፃ አሰናበታቸው፤ የመታነው አጥቂ መስሎን ነው የሚለው ክርክራቸው ምክንያታዊ ጥርጣሬ ፈጥሯል ተብሎ ነው። ለሐበሻ ሁሉ ይህ ፍርድ የመረረ ነው፤ እኔንም ያመኛል። ሃብቶም በአስፋልቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ እንኳ የተነፈገው ጥርጣሬ በተከሳሾች ወንበር ላይ ለተቀመጡት በአምስት ዓመት ሙግት ተሰጥቷል። ቢሆንም መርሑ አይለወጥም፦ በወንጀል ሕጉ ጥፋቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ካልተረጋገጠ ማንም አይፈረድበትም። እኛ መጠየቅ ያለብን ይህ ጥበቃ ለሌላው እንዲቀር ሳይሆን፣ ቆዳው ጥቁር ለሆነ ሰው ጎዳና ላይም እንዲሠራ ነው።

ጎዳናው ላይ ደግሞ አንዳንድ ነገር ተለውጧል። ማኅበረሰባችን በ2015 ካደረገው ተቃውሞ በኋላ በወቅቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በ2016 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በሚኒስቴሩ ውስጥ ዘረኝነትን የሚታገል ክፍል ተቋቋመ፤ ኃላፊነቱን አወቀ ቆቢ ዜና ያዙ። በ2021 ደግሞ «ጠበቃ» የተባለው ድርጅትና ሌሎች ባቀረቡት አቤቱታ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይችል ወሰነ። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። «ለምን አስቆማችሁኝ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ወንጀል አይደለም፤ መገፍተርና መሳደብ ግን በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል።

ስለ ልጆች ሕጉ የተለየ ጥንቃቄ አለው። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ14 ዓመት በታች ያለው እንደ ደንቡ በ12 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ያልታሰረ ልጅ ሲመረመር ወላጅ አብሮት የመገኘት መብት አለው፤ የሌሊት ምርመራም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር የተከለከለ ነው። የወጣቶች ፍርድ ቤት በዝግ ይሰማል፤ የወጣቶች የሙከራ መኮንን ስለ ልጁ ኑሮ ሪፖርት ያቀርባል፤ ዳኛው ያለ ጥፋተኝነት ውሳኔ ጉዳዩን ሊዘጋው ይችላል። ወላጅ ከዚህ መኮንን ጋር ሲነጋገር እንደ መርማሪ እንዳይፈራው እመክራለሁ፤ ስለ ልጁ ትምህርትና ጠባይ መልካሙን ሁሉ የሚሰማው እሱ ነው።

በመጨረሻ፣ ብዙ ቤተሰብ «ቲኩ (ፋይሉ) ተዘጋ» ሲባል ተደስቶ ይሄዳል፤ በምን ምክንያት እንደተዘጋ አይጠይቅም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ጥፋት የለበትም» ተብሎ የተዘጋ ፋይል ከፖሊስ መዝገብ ይሰረዛል። «በቂ ማስረጃ የለም» ተብሎ የተዘጋው ግን በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለሠራዊትና ለአንዳንድ የሥራ ቦታዎች እንቅፋት ሊሆን ይችላል። የመዝጊያው ምክንያት እንዲለወጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ልጃችሁ የተዘጋ ፋይል ካለው ምክንያቱን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ «በቂ ማስረጃ የለም» የሚል ከሆነ ጠበቃ ይዛችሁ እንዲቀየር አመልክቱ።