ከልደታ እስከ አቡሴራ፦ ቦሌ ከመካነ ሰላም ሲታይ

በዓለም የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ የደቡብ ወሎዋ ከተማ የመካነ ሰላም ስም ሰፍሯል፤ ኤም ኬ ኤስ የሚል ባለ ሦስት ፊደል መለያም አላት። ደብረ ማርቆስም፣ ሞጣም፣ ደብረ ታቦርም የየራሳቸው አላቸው። ዛሬ ግን መካነ ሰላም ላይ መደበኛ በረራ የለም። የአካባቢው የቦረና ወይም የለጋምቦ ሰው ባሕር ማዶ ሲሻገር በአቅስታ አድርጎ ደሴ ይደርሳል፤ ከዚያ ከኮምቦልቻ ይበርራል፣ አለዚያም በአውቶቡስ ጣርማ በርን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። በየትም ቢመጣ ማሳረጊያው ቦሌ ነው። ልጅ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ቤይሩት የሸኘ ቤት ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። እንዴት እዚያ ቦታ ላይ እንደ ተተከለና የውጭ በረራው ለምን አሁን ከዚያ ሊነሣ እንደ ታሰበ ግን ብዙም አይወራም።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የምትባለውን ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አመጣት። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ሲቋቋም ዋና ማረፊያው ልደታ ነበር። መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው መንገደኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ይባላል፤ ቪላ ቤት ብቻ የሚያውቀው ትውልድ አውሮፕላኑ የት ይቆም እንደ ነበር ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ያኔ የሚበርረው ዲሲ-3 አስፋልት የሚያማርጥ አልነበረም። ድንጋይ የተለቀመበት ጠፍጣፋ ሜዳ ካገኘ ያርፋል፣ ይነሣል። ዓባይ ገደል በሚቆርጠው አገር ላይ፣ መንገድ ሳይገባ አውሮፕላን የገባባቸው ከተሞች ሊኖሩ የቻሉት ስለዚህ ነው። ጄት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሲያዝ የልደታ መንደርደሪያ እንደማይበቃው ታወቀ፤ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ያኔ ገጠር በነበረው ቦሌ፣ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። በጥር 1955 ዓ.ም. የጄት አገልግሎት ከዚያ ተጀመረ። ስሙም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ የሰፈሩ ስም ብቻ ቀረለት።

ቦሌን ለመረዳት ግን ከሕንፃው ይልቅ ከፍታውን መያዝ ያስፈልጋል። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ መካነ ሰላም ደግሞ ወደ 2600 ትጠጋለች። በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ሞተሩም ያንኑ ስስ አየር ስለሚስብ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ያሻል፦ በቦሌ ያሉት ሁለቱ ትይዩ መንደርደሪያዎች እያንዳንዳቸው ከ3600 ሜትር በላይ ናቸው። ያም ሆኖ ርቀቱ ሲበዛ አውሮፕላኑ ዳገት ፊት እንደ ደረሰ በቅሎ ጭነቱን ማቅለል ግድ ይለዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ነዳጅ ሊሞላ ደብሊን ወይም ሎሜ ሲያርፍ፣ ሲመለስ ግን ያለ ማረፊያ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የዋሽንግተን ማረፊያ ከባሕር ወለል እምብዛም አይርቅም፤ ታንኩን ሞልቶ ይነሣል።

የማስፋፊያው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው፦ በጥር 1995 ዓ.ም. ሁለተኛው ተርሚናል ተከፈተ፤ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በቻይና ተቋራጭ የተሠራው ማስፋፊያ ተመርቆ የማስተናገድ አቅሙ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንደ ደረሰ ተነገረ። ከዚህ ሕዝብ አብዛኛው አዲስ አበባን አይረግጥም። ማለዳ ላይ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከዐረብ አገር የመጡት ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ ማታ ደግሞ የአፍሪካው ይሰበሰብና ሌሊቱን ይወጣል። ላጎስ የተነሣ ነጋዴ ጓንዡ ሲገባ ስለ ቦሌ የሚያስታውሰው የቡናውን ዋጋና የወንበሩን መጥበብ ሊሆን ይችላል።

ለደቡብ ወሎ ግን ቦሌ ሌላ ታሪክ አለው፤ በምርቃት ንግግሮች የማይነሣ። ይህ አካባቢ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ ልጆቹን በብዛት ከሚልኩት አንዱ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ሰነድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በዚሁ ማረፊያ በኩል ተመለሱ። ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ከፌስታል የዘለለ አልነበረም። የአንድ አየር ማረፊያ አቅም በሚሊዮን መንገደኛ ሲለካ እነዚህም ይቆጠራሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም።

አሁን ከተማዋ ቦሌን ከበበችው፤ እንደ ልደታ ሁሉ ቦታው አልበቃ አለ። ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለ ስፍራ የአዲስ ማረፊያ መሠረት ተጥሏል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አራት መንደርደሪያ ይኖረዋል፤ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ የሚበልጠው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ ነው፤ አውሮፕላኑ ተጨማሪ ጭነትና ነዳጅ ይዞ እንዲነሣ ያደርገዋል። ለዚህ ሲባል መሬታቸውን የለቀቁት ገበሬዎች ናቸው።

እቅዱ የውጭ በረራውን ወደ አቡሴራ አዛውሮ ቦሌን ለአገር ውስጥ መተው ነው። እንግዲህ ከኮምቦልቻ በርሮ ቦሌ የወረደ የቦረና ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ የሚሄድበት ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሁለቱን ማረፊያዎች የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር ታስቧል፤ ባቡሩ ከማረፊያው እኩል ካልደረሰ የመካነ ሰላም መንገደኛ ከአሁኑ የረዘመ መንገድ ይገጥመዋል።