ተጨማሪ መረጃ፦ ለፓርቲ ወይስ ለዓላማ?

የእንግሊዙ ፖለቲከኛ ሮበርት ፒል እ.ኤ.አ. በ1834 ባወጣው የታምዎርዝ ማኒፌስቶ፣ ነባር ተቋማትን ጠብቆ ለማቆየት ጉድለታቸውን ማረም እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። አቋሙ የተፈተነው በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ መበስበስ ሲጀምር ነው። ወግ አጥባቂ ፓርቲው ከውጭ በሚገባ እህል ላይ የተጣለውን ቀረጥ ይጠብቅልናል ብለው ባለርስቶች ድምፃቸውን ሰጥተውት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒል ግን ረሃቡን ለማቃለል እህል በርካሽ እንዲገባ ቀረጡ ይነሳ አለ።

ግንቦት 1846 ቀረጡን የሚያነሳው ረቂቅ ሕግ 327 ለ229 በሆነ ድምፅ ሲያልፍ አብዛኞቹ የፓርቲው አባላት ተቃወሙት፤ ያለ ተቃዋሚዎቹ የዊግ ፓርቲ አባላት ድጋፍ ባላለፈም ነበር። ከፒል ጀርባ ባለው ወንበር የሚቀመጠው የፓርቲው አባል ቤንጃሚን ዲዝራኤሊ እየተነሳ በክህደት ወነጀለው። የጌቶች ምክር ቤት የቀረጡን መነሳት ባጸደቀበት ምሽት ፒል በሌላ ረቂቅ ተሸነፈ፤ በቀናት ውስጥም ሥልጣኑን ለቀቀ። ፓርቲውም ለሁለት ተከፈለ።

መራጮቹ ቃሉን አጠፈ ቢሉት አይፈረድባቸውም። ወግ አጥባቂነቱን ተወ ማለት ግን ስህተት ነው፤ የ1834ቱን አቋሙን በተግባር ያሳየው ያን ጊዜ ነውና። ዲዝራኤሊም በ1852 የገንዘብ ሚኒስትር ሲሆን ቀረጡን አልመለሰውም።