አፍ የሚፈታው ሰው ነው

ኦሎምፒያ፣ ቦሌ መንገድ ዳር ባለ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው የሚመስል ልጅ ሂሳብ ልትከፍል የተነሳች እናቱን ይጣራል፤ «እማዬ፣ ምጪ!» እናቱ ስቃ «ነይ በል እንጂ የኔ ጌታ» አለችው። እሱ ግን ደገመው፤ «ምጪ!»

ስህተቱ ደስ አሰኘኝ። እዚህ ከተማ «ምጪ» ብሎ የሚጣራ አዋቂ ስለሌለ ልጁ ከማንም አልቀዳውም። «አትምጪ»ን፣ «ትመጫለሽ»ን፣ «ተቀመጪ»ን ሰምቶ ደንቡን ራሱ አወጣ፤ በደንቡም ቃል ሠራ። ያፈነገጠው አማርኛው ነው፤ «መጣ» ብሎ ሲያበቃ ትእዛዙን «ና»፣ «ነይ» ይላል። ልጆች እንዲህ ደንብ ማውጣታቸው በሙከራም ታይቷል፤ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጂን በርኮ በ1958 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሰምተውት የማያውቁት የፈጠራ ቃል ሲሰጧቸው፣ አብዛኞቹ ልጆች ብዙ ቁጥሩን በትክክል አውጥተውለታል።

ቋንቋ የመልመዱ ሥራ የሚጀመረው አፍ ከመፈታቱ በፊት ነው። የ6 ወር ሕፃን ሰምቶት የማያውቀውን ቋንቋ ድምፆች ሳይቀር ይለያል። ተመራማሪዋ ጃኔት ወርከር በ1984 እ.ኤ.አ. በካናዳ እንዳሳዩት ግን፣ ዓመት ሊሞላው ሲል ጆሮው ወደ ቤቱ ቋንቋ ያደላል። የእኛው ሕፃን «ከዳ»ን ከ«ቀዳ» የሚለይ ጆሮ የሚይዘው ከዚሁ ከቤቱ ወሬ ነው። ምላስ ዘግይቶ ይከተላል፤ ኮልታፋው ልጅ «ቁርስ»ን «ኩርስ» ይላል፤ እናቱ «ኩርስ» ብላ ስትመልስለት ግን ብዙ ጊዜ ይቆጣል።

እንግሊዝኛ ይልመድ ተብሎ ስልክ ላይ ካርቱን የሚከፈትለት ሕፃን በየቤቱ አለ። ይጠቅመው ይሆን? ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩል በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሲያትል ውስጥ የ9 ወር ሕፃናት 12 ጊዜ ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ከፊሎቹን ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበ፣ በአሻንጉሊት እያጫወተ አናገራቸው፤ ሌሎቹ ያንኑ በቴሌቪዥን አዩ። ሰው ያናገራቸው የቻይንኛውን ድምፅ ለዩ። ቴሌቪዥን ያዩት ጭራሽ ቻይንኛ ካልሰሙት አልተሻሉም። ሕፃን ዓይን ዓይኑን የሚያየው፣ «እ?» ሲል «አቤት» የሚለው ሰው ይፈልጋል።

እንግሊዝኛው ይቅር አልልም፤ ሁለት ቋንቋ ሕፃንን አያደናግርም። ግን እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሞግዚት በሚችሉት ቋንቋ ያጫውቱት፤ አማርኛም ኦሮምኛም ይሁን። ሁለት ዓመት ሞልቶት እንደ «አባ ሄደ» ያለ ሁለት ቃል ካላጋጠመ ደግሞ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብላችሁ አትተዉት፤ ጆሮውን አስመርምሩለት።