ገጣባ ፈረስና ወጣት ባለጋሪ

በሁሩታ ገበያ እህል በጋሪና በአህያ ይመላለሳል፤ ከነጂዎቹም ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ፈረሱ ገጣባ ሲሆን ወጣቱ ገቢ ያጣል፤ እንስሳውም አንዳንዴ ሜዳ ላይ ይጣላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተጣሉ አህዮችን ያሳድራል፤ በአገራችንም ቢሾፍቱ ላይ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር በመሆን አህዮችን ሲያክምና ባለቤቶችን ሲያስተምር ቆይቷል። እንዲህ ያለ መጠለያ ለሁሩታ ውድ ነው፤ ትምህርቱ ግን ርካሽ ነው እንላለን።

ቀጭን የናይለን ገመድ ቆዳ ይበላል፤ ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ ይተካው። የጋሪው ጭነት ወደ ፊት ካዘነበለ ክብደቱ በፈረሱ ጀርባ ላይ ያርፋልና ከእግሮቹ በላይ ሚዛኑን ይጠብቅ። ቁስሉ ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ ይታጠብ፤ እስኪድን ፈረሱ አይጠመድ። ማኅበራት ማሰሪያውን ለወጣቶቹ በዱቤ ቢያቀርቡ፣ የልማት ሠራተኞችም በገበያ ቀን ድልድሉን አስነሥተው ጀርባውን ቢያዩ መልካም ነው።